ቲኬት ከመቁረጥ በፊት

«ቻትጂፒቲን ጠይቄው ነበር» የሚለው አነጋገር በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ቡና ቤቶቻችን «ዘመድ ጋ ደውዬ ነበር» የሚለውን እየተካ መጥቷል። ሰሞኑን አንድ ወገናችን እናቱን ለመጠየቅ ጎንደር ሊሄድ እንዳሰበ ሲያጫውተን፣ ባሕር ዳር ወርዶ መኪና እንዲከራይ ማሽኑ እንደመከረው ነገረን። ሐይቁን እያየ በሦስት ሰዓት ገደማ ጎንደር ይገባል። ጽሑፉን አሳየን፤ አማርኛው እንኳ የሚያስነቅፍ አልነበረም። «ስለ ጦርነቱስ ምን አለህ?» ብንለው ሳቀ። አልጠየቀውም፤ እሱም አልነገረውም።

መልሱ በሰላም ጊዜ ትክክል ነው፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ውጊያው ሲፋፋም ወደ ጎንደርና ላሊበላ የሚደረገው በረራ እንኳ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በክልሉ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ተሳፋሪም እየታገተ ገንዘብ ሲጠየቅበት ሰምተናል። ዛሬ ጠዋት መንገዱ እንዴት እንዳደረ የሚያውቀው እዚያው ያደረ ሰው ነው።

ሌላው የመርዶ ጉዞ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. አያቱ የሞቱበት አንድ ካናዳዊ የኤር ካናዳን ቻትቦት ስለ ሐዘንተኛ ቅናሽ ቢጠይቀው፣ ቲኬቱን ቆርጦ በ90 ቀን ውስጥ ቅናሹን ማመልከት እንደሚችል ነገረው። ከጉዞ በኋላ ሲያመለክት ኩባንያው ከለከለው። ጭራሽ ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ተጠያቂ ነው ብሎ ተከራከረ! (የኛ ባለሥልጣናት ይህን ማምለጫ አለመስማታቸው ደግ ነው።) የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳኝነት አካል በየካቲት 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ወለድና ወጪን ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ አስከፈለው።

ሰውየው የረታው ግን ቻትቦቱ የአየር መንገዱ የራሱ ስለነበረ ነው። በነፃ ስልካችን ላይ የጫንነው ስቶ ቢያሳስተን ማንን እንከሳለን? ሰፈራችን ያለው የጉዞ ወኪል ቢሳሳት ቢሮው ሄደን እንጮኽበታለን፤ እሱም ስለሚያውቅ ስልክ ደውሎ ያጣራል። የአየር መንገዶችን ዋጋ ለማወዳደር፣ የሻንጣ ዝርዝር ለማውጣት ማሽኑ መልካም ነው፤ እኛም እንጠቀምበታለን።

ያ ወገናችን በማግስቱ እህቱ ጋ ደወለ። መኪናው ቀርቷል። እናታቸውን በአውሮፕላን አዲስ አበባ ልታመጣለት ተስማምተው እሱም ቲኬቱን እስከ ቦሌ ብቻ ቆርጧል።