ጉልበቱን ተዉትና ፍሬኑን ጠይቁ

«አፓቼ ይሻላል ወይስ ፑልሳር?» ከጀሞ እስከ ሳሪስ ሞተረኛ በተሰበሰበበት ሁሉ ይህ ክርክር አያልቅም። የሚቆጠረው የፈረስ ጉልበት ነው። እንደ አምራቾቹ ከሆነ ፑልሳር ኤንኤስ 200 ወደ 24፣ አፓቼ 200 ወደ 20፣ ባለ 155 ሲሲው ያማሃ አር15 ወደ 19 ፈረስ ጉልበት አላቸው።

አዲስ አበባ ግን ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 24 የተባለው ፑልሳር እዚህ ከ19 ብዙ አያልፍም። ሰው የሚጣላበት የ4 ጉልበት ልዩነት ከፍታው ከሚወስደው ያነሰ ነው።

ክረምት ላይ በጭቃ በተለሰነው የለቡ አስፋልት ሕይወት የሚያተርፈው ፍሬን ነው። ህንድ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዲስ ሞተሮች ሁሉ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ኤቢኤስ በ2011 ዓ.ም ግዴታ አደረገች። ሕጉ ግን እዚያው ለሚሸጠው እንጂ ጀሞ ላይ ለሚነዳው አይደለም።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ምን አደረገች? ሞተር ለወንጀል ዋለ ብላ ከለከለች፤ ኋላም ለተፈቀደላቸው ብቻ ከፈተች። ሌባ ፈለገች፤ ፍሬን ግን አልጠየቀች።

ለሞተረኛ ፈቃድ የሚጠይቅ መንግሥት ለሞተሩም ኤቢኤስ ይጠይቅ። ገዢውም ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቁ በፊት «ኤቢኤስ አለው?» ይበል። ከሌለው ርካሽ አይደለም።