ደራሽ ውኃና ጠቢብ ቀዛፊ



መተማ ስትነሣ ለብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ጦርነት ነው ፤ ከዚያ ቀጥሎ ሙቀቱና ሰሊጡ ይታሰባል። በቆላው ለምንኖር ግን በየዓመቱ ልባችንን የሚያስደነግጥ ሌላ ነገር አለ። ይኸውም በበጋ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ሆኖ የሚታየው ፥ በክረምት ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሞልቶ የሚወርደው ፈፋ ነው። በዚህ ወር ስለዚህ ውኃ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ተማሪ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፥ ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ፥ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በእጅ ስልኩ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳየኝ። ባሕር ማዶ ያሉ ወጣቶች ካያክ በምትባል ፥ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ታንኳ ተቀምጠው ፥ በዝናብ በሞላ ጠባብ ጅረት ላይ ከፏፏቴ ወደ ፏፏቴ እየተወረወሩ ይወርዳሉ። «መምህር ፥ ይህ ጅረት ከእኛ ፈፋ ያንሳል። እነርሱ ለጨዋታ ከወረዱበት ፥ እኛ ሁለት ባዶ ጀሪካን አስረን ብንሻገር ምን አለበት ይላሉ? እርሻችን ያለው ማዶ ነው» አለኝ። ልቆጣው ከጀመርሁ በኋላ ተውሁት ፤ ጥያቄው መልስ የሚገባው ነበርና። «ነገ እመልስልሃለሁ» ብዬ ቀጠርሁት።

በማግሥቱ ለክፍሉ ሁሉ ያስረዳሁት ይህን ነው። ካያክን በመጀመሪያ የሠሩት በግሪንላንድና በሌሎች የሰሜን በረዶ አገሮች የሚኖሩ አዳኞች ናቸው ፤ ከእንጨትና ከአቆስጣ ቆዳ ያበጁዋት ነበር። የጣናው የደንገል ታንኳ ለጸጥተኛ ውኃ እንደ ተሠራ ፥ ዛሬ ለፏፏቴ የምትሠራው ካያክ ደግሞ ለሚናወጥ ውኃ ታስባ የተበጀች ናት። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራች ፥ አጭርና ጫፏ የደበለበለ ናት። ቀዛፊው ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ልብስ አፏን ስለሚከድነው ውኃ አይገባባትም። ብትገለበጥ እንኳ ከውስጧ ሳይወጣ በመቅዘፊያውና በወገቡ ኀይል መልሶ ያቀናታል። በራሱ ላይ ቁር ይደፋል ፤ በደረቱም ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ይለብሳል። ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ በጸጥተኛ ውኃ ላይ ይደክማል። ጀሪካን ግን ይህን ሁሉ አያውቅም።

ይህ ጥበብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ፥ 60 ያህል የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና ሊቃውንት የነበሩበት ጓድ በጀልባዎች ከጣና እስከ ሱዳን ጠረፍ አጠገብ በዐባይ ወርዶ ነበር። በዚያም ጉዞ አንድ ወታደር ውኃ ወስዶታል። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ማይክ ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ ከጓደኞቹ ጋር በካያክ የዐባይን ሸለቆ ቀዘፈ። ይህ ሰው በዘመኑ ከታወቁት ቀዛፊዎች አንዱ ሲሆን ፥ በ1978 ዓ.ም. በፓኪስታን በብራልዱ ወንዝ ላይ ጓደኛውን ለማዳን ሲል ሰጥሞ ሞተ። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከጣና ተነሥተው እስከ እስክንድርያ ባሕር ዳርቻ ደረሱ። እንግዲህ ጠቢቡንም ውኃ ሊወስደው እንደሚችል ፥ የሚያደርሰውም ብርቱ ጥንቃቄ እንደ ሆነ ከዚህ እናያለን።

ነገር ግን ዐባይ በኋላው ሐይቅ አለው ፤ የእኛ ፈፋ በኋላው ያለው ደመና ብቻ ነው። ከጭልጋ ደጋ የሚወርደው ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል ፤ ሽንፋም በዚያ ራሃድ ተብሎ ይጠራል። ወደ እነዚህ የሚገቡት ትንንሽ ፈፋዎች ዝናብ ሲጥል ይሞላሉ ፥ ሲያባራ ይጎድላሉ። የቆላው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ስለሚቆይ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣል ፤ ከጠገበ በኋላ ግን አብጦ ስንጥቁ ስለሚደፈን የቀረውን ውኃ ወደ ፈፋው ይለቀዋል። ዛፉ በተመነጠረበት ስፍራ ደግሞ ጎርፉን የሚያዘገየው የለም።

የሚያታልለው ነገር ዝናቡ በእኛ ላይ ሳይጥል ውኃው መምጣቱ ነው። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በሰኔ ወር 1853 ዓ.ም. በሱዳን ውስጥ በአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ይህን በዐይኑ አይቷል። ወንዙ ደርቆ ነበር ፤ ከሰዎቹም ጥቂቶቹ በአሸዋው ላይ ተኝተው ነበር። ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ ፥ የተኙትም ሮጠው ወጡ። ሲነጋ በደረቁ አሸዋ ፈንታ ስፋቱ 450 ሜትር ያህል ፥ ጥልቀቱ ከ4.5 እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ወንዝ ይወርድ ነበር። በሰፈሩበት ቦታ ግን ዝናብ አልጣለም።

አሁን ወደ ቀዛፊዎቹ ልመለስ። ልጆቹ በስልክ የሚያዩት መውረዱን ብቻ ነው ፤ ከመውረዱ በፊት ያለውን አያዩም። የሠለጠነ ቀዛፊ የማያውቀውን ጅረት በእግሩ ዳር ዳሩን ሄዶ ያጠናል ፤ መጨረሻው የማይታይ ፏፏቴ ሲያጋጥመው ታንኳውን ተሸክሞ በየብስ ያልፋል። ብቻውን አይገባም ፤ ባልንጀራው ገመድ ይዞ ዳር ይቆምለታል። በውኃው ውስጥ የወደቀ ዛፍ ከድንጋይ ይልቅ ያስፈራዋል ፤ ዛፉ እንደ ወንፊት ውኃውን አሳልፎ ሰውን ያስቀራልና። ከፏፏቴ ሥርም ወደ ኋላ የሚሽከረከረውን ውኃ ይሸሻል ፤ ያገኘውን ነገር ይዞ አይለቅምና። ጥርት ብሎ የነበረው ውኃ ሲደፈርስና ጭራሮና ቅጠል ይዞ ሲመጣ ፥ ወንዙ እየሞላ መሆኑን ዐውቆ ይወጣል። ከሁሉም በላይ በድንጋይ ላይ ምልክት አለው ፤ ውኃው ከዚያ ካለፈ የዚያን ዕለት ጨዋታ የለም። እኛ ደፋር የምንላቸው ሰዎች ውኃን ከእኛ ይበልጥ ይፈሩታል።

ፍርሃታቸውም ምክንያት አለው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 10 ኩንታል ይመዝናል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈጣን ጎርፍ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ጉልበት የማይደርስ ጎርፍም ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል።

ይህን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ የራሴንም በደል አልደበቅሁባቸውም። በአስተማሪነት ወደ ቆላው በወረድሁበት በመጀመሪያው ዓመት ፥ አንድ ቀን ወደ ማታ ከአረም ሥራ ከሚመለሱ የደጋ ልጆች ጋር ፈፋ ዳር ደረስሁ። ውኃው ቁርጭምጭሚት ያህል ነበር። አንድ ሽማግሌ «ቀለሙ ተለውጧል ፥ ቆዩ» ቢሉን እኔ የተማርሁ ሰው ነኝና ሰማዩን አሳይቻቸው ቀድሜ ገባሁ ፤ ሌሎቹም እኔን አይተው ገቡ። መካከል ስንደርስ ውኃው ወገባችን ላይ ደረሰ። እኔን አንድ የቀን ሠራተኛ ዱላውን አቀብሎ አወጣኝ። ከኋላዬ የነበረው ወጣት ግን አልወጣም ፤ በሦስተኛው ቀን ከታች ተገኘ። ስሙን እንኳ የጠየቅሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» የሚለውን ተረት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ቀልድ ተናግሬው አላውቅም።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ተማሪ «እንግዲያውስ እኛም ምልክት እናድርግ» አለ። ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው መሻገሪያ ፥ በትልቁ ድንጋይ ላይ ከትንሹ ተማሪ ቁርጭምጭሚት በታች ቀይ ቀለም ቀባን። ከምልክቱ በታች ቢሆንም ውኃው ከደፈረሰ እንዳይገቡ ተስማማን። ትምህርት ከተዘጋም በኋላ በአቅራቢያው የሚኖሩት ልጆች የውኃውን ከፍታ ጧትና ማታ በደብተር ይጽፉ ነበር።

በሐምሌ አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ቀዩ ቀለም ተሸፈነ። የልጁ አባት መቆፈሪያውን በትከሻው ይዞ ሊሻገር መጣ። ልጁ ከፊቱ ቆሞ «አባ ፥ ምልክቱ አይታይም» አለው። አባትዮው ተቆጣ ፥ አረሙ ሰሊጡን ሊውጠው ነው አለ ፤ ቢሆንም ልጁን ገፍቶ አላለፈም። በዛፍ ሥር እያጉረመረመ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ግንድ ከነሥሩ እየተንከባለለ በመሻገሪያው አለፈ። አባትዮው ያን አይቶ ምንም አልተናገረም ፤ መቆፈሪያውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግሥቱ ማለዳ ውኃው ጎድሎ ስለ ነበር ሁለቱም ተሻገሩ።

ክቡራን ወላጆች ፤ በቤታችሁ አጠገብ የክረምት ፈፋ ካለ ድንጋዩን ዛሬ ምልክት አድርጉበት ፤ ልጆቻችሁም ምልክቱ ሲሸፈን እናንተን እንኳ ሊያስቆሟችሁ ፈቃድ ስጧቸው። የአንድ ቀን አረም በማግሥቱ ይታረማል።