«ኮዱን አንብብልኝ» የሚሉት ደህንነት

«ኮድ መጥቷል፣ አንብብልኝ እስቲ።» መርካቶ ውስጥ ከ«መጨረሻው ስንት ነው?» ቀጥሎ በብዛት የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቱ ዕቃ ሊያይ ጓንዡ ሄዷል። ሲም ካርዱ ግን እዚህ ዱባይ ተራ፣ መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ አሮጌ ስልክ ላይ ነው፤ የባንኩም የኢሜይሉም የቴሌግራሙም ኮድ የሚመጣው በዚያ ሲም ነዋ። ልጁ ያነባል፣ ጋሼ እዚያ ማዶ ሆነው ይጽፋሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ደውሎ «ጋሼ ናቸው የላኩኝ፣ አሁን የገባውን ቁጥር ንገረኝ» ሲለው ልጁ ያነባል። ለምን አያነብም? ሥራህ ይሄ ነው ብለን ያስለመድነው እኛው ነን።

ከዚያ ገንዘቡ ሲሄድ ልጁ ይታሰራል።

የዛሬው ጽሑፌ ከልጁ ጋር ጉዳይ የለውም። ጉዳዬ ሃያና ሃምሳ ሠራተኛ ይዘው፣ ኮንቴይነር እያስገቡ፣ «እኛ ጋ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በርቷል» ብለው እፎይ ካሉ አስመጪዎችና ድርጅቶች ጋር ነው። በርቷል፣ እውነት ነው። ግን ሁለተኛው ደረጃ በአጭር መልዕክት የሚመጣ፣ ማንም የሚያነበው፣ ለማንም የሚነገር ስድስት አሃዝ ከሆነ፣ ያላችሁ አንድ ፓስዎርድና አንድ ወሬ ነው።

እዚህ እንዴት እንደደረስን አይጠፋንም። መስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ጥሬ ገንዘብ በእጅ መያዝ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር መጣ። በማዳበሪያ ይጓዝ የነበረው ገንዘብ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስልክ ውስጥ ገባ። ልማዱ ግን አብሮ አልገባም። መርካቶ በቃል የሚያበድር፣ ያለ ወረቀት የመቶ ሺህ ብር ዕቃ የሚያስረክብ ገበያ ነው፤ እኔ በዚህ ከሚኮሩት ነኝ። ነገር ግን ያ እምነት የሚሠራው ፊት ለፊት የምታውቀው ሰው ላይ ነው። ኮድ ፊት የለውም። ማን እንደጻፈው አያውቅም፣ አይጠይቅም።

ስለ አጭር መልዕክት ኮድ ድክመት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የውጭው ታሪክ ነው። የትዊተር ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ጃክ ዶርሲ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2019 ስልክ ቁጥሩን በኦፕሬተሩ በኩል ተነጥቆ በገዛ አካውንቱ ስድብ ተጻፈበት። ጀርመን ውስጥ በ2017 ሌቦች በቴሌኮም ኩባንያዎች መካከል ያለውን አሮጌ የመገናኛ ሥርዓት ተጠቅመው የባንክ ደንበኞችን ኮድ ወደ ራሳቸው አዙረው ሒሳብ አራቁተዋል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ በስልክ መስመር የሚላክ ኮድን «ገደብ ያለበት» ብሎ መደበው። ደህና። እኛ ጋ ግን ይህን ያህል ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አውቶቡስ ተራ ስልክህን የመነተፈህ ሰው ስክሪኑን መክፈት ካቃተው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ይከተዋል። አለቀ። የሚመጣው ኮድ ሁሉ የእሱ ነው። ሲም ካርድ የራሱ ፒን እንዳለውና ስልክ በተነሳ ቁጥር እንዲጠይቅ ማድረግ እንደሚቻል ስንቶቻችን እናውቃለን? ወጪው ዜሮ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሲሙን ሳያወጣም ቢሆን፣ መልዕክቱ በተቆለፈው ስክሪን ላይ ብቅ የሚል ከሆነ ኮዱ ለመንገደኛው ሁሉ ተነቧል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቢያንስ ኦተንቲኬተር። ጎግል ኦተንቲኬተር ይሁን ማይክሮሶፍት፣ ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የተቀበለውን ምስጢራዊ ቁልፍ ከሰዓቱ ጋር አጣምሮ በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ቁጥር ያወጣል። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ሲም አይፈልግም። ጓንዡ ያለው ነጋዴ ያለ ሮሚንግ ቁጥሩን ከኪሱ ያነባል፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው ስልክና ልጁ ከጨዋታው ወጡ ማለት ነው። ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም አጭር መልዕክት ሳይቀር ሲዘጋ ያየን ሰዎች፣ ኮዳችንን ከመስመር ጋር ማሰር ምን እንደሆነ ሊነገረን አይገባም።

ግን እዚህ ላይ ማቆም ውሸት ይሆናል። ኦተንቲኬተር ሌባውን በሩ ላይ አያስቀረውም። ሠራተኛህ የኢሜይላችሁን ገጽ የመሰለ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ፓስዎርዱንም ኮዱንም ከጻፈ፣ ሌባው ሁለቱንም በዚያው ደቂቃ ወስዶ እውነተኛው ገጽ ላይ ይጠቀምባቸዋል። እ.ኤ.አ. 2022 ትዊሊዮ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ሠራተኞች በአጭር መልዕክት የመጣላቸውን ሐሰተኛ ሊንክ ከፍተው በዚህ መንገድ ተዘረፉ። በዚያው ሰሞን ክላውድፍሌር ላይ ተመሳሳይ ጥቃት ተሞከረ፤ ሦስት ሠራተኞች ተታለው ፓስዎርዳቸውን አስገቡ። ሌባው ግን አልገባም። ሠራተኞቹ ጠንቃቆች ስለሆኑ አልነበረም፤ ተታለዋል እኮ! ያዳናቸው እንደ ፍላሽ የምትሰካ ትንሽ የደህንነት ቁልፍ ነች። ቁልፏ የምታነጋግረው የተመዘገበችበትን ትክክለኛ የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ነው። አንድ ፊደል ከተቀየረ ዝም ትላለች። በስልክ የሚነበብ ነገር ስለሌላትም «አንብብልኝ» የሚባል ነገር የለም። ጎግል ከ85,000 በላይ ሠራተኞቹን በቁልፍ ካስገባ በኋላ አንድም የሠራተኛ የሥራ አካውንት በማጭበርበር እንዳልተወሰደበት በ2018 ተናግሯል።

«ዶላር ከየት ይምጣ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ቁልፏ ውጭ አገር በዶላር የምትገዛ ናት፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዷ ብትጠፋ። ግን ለሃምሳ ሠራተኛ ግዙ ያለ የለም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ባለቤቱ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው። ለቀሩት በእጃቸው ያለው አንድሮይድ ስልክ በጣት አሻራ የሚከፈት «ፓስኪ» ይይዛል፤ ያው እንደ ቁልፏ አድራሻ እያየ የሚሠራ ነው፣ ነፃ ነው፣ ጂሜይልና ማይክሮሶፍት ይቀበሉታል። ከኢሜይሉ ጀምሩ። ሌላው ፓስዎርድ ሁሉ «ረሳሁት» ሲባል የሚታደሰው በኢሜይል ስለሆነ፣ ኢሜይሉን የያዘ ሁሉን ይዟል።

«ይህን አንተ ነህ? አዎ ወይም አይ» የሚል መጠይቅ የሚልክ ዘዴም አለ። ኡበር በ2022 የተደፈረው በዚህ ነው፤ መጠይቁ ያለ ማቋረጥ ሲመጣበት የተሰላቸው የኮንትራት ሠራተኛ በመጨረሻ «አዎ» አለ። የምትጠቀሙት እሱን ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ስልኩ ላይ ጻፍ የሚለውን ዓይነት ምረጡ።

ባንኮቹንም አልፋቸውም። መጋቢት 2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ሌሊት 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ሲወጣበት፣ ችግሩ የውጭ ጥቃት ሳይሆን የራሱ የሲስተም ማሻሻያ መሆኑን ገልጾ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ሄደ። ብሩን በአብዛኛው አስመለሰ። የእናንተ ሠራተኛ ኮድ አንብቦ ብር ሲሄድ ግን ፎቶ የሚለጥፍላችሁ የለም፤ መዝገቡ የሚያሳየው «ደንበኛው አረጋግጧል» የሚለውን ነው። ስለዚህ ለድርጅት ደንበኛ ከአጭር መልዕክት ሌላ አማራጭ የማይሰጥ ባንክ «ኮድዎን ለማንም አይንገሩ» ብሎ በመልዕክቱ ግርጌ ስለጻፈ ብቻ ግዴታውን አልተወጣም። አካውንት ስትከፍቱ ከወለዱ በፊት ይህን ጠይቁ። ሌላም ጠይቁ፦ አንዱ የሚያዘጋጀው ሌላው የሚያጸድቀው አሠራር አላችሁ ወይ? ቼክ ላይ ሁለት ፊርማ ካልሰፈረ የማያወጣ የአክሲዮን ድርጅት፣ በስልክ ሲሆን ያንኑ ብር በአንድ ልጅ አንደበት ሲያወጣ ማየት ይገርመኛል።

ሌላው ጉድ የማን ቁጥር ነው የሚለው ነው። የጅምላ መሸጫውን የቴሌግራም ቻናል የከፈተው ሻጩ ልጅ በራሱ ቁጥር ነው። ልጁ ሲለቅ አሥር ሺህ ደንበኛ ይዞ ይሄዳል፤ ወይም ቁጥሩን ይተወውና ከጊዜ በኋላ ሲሙ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲሱ ባለ ቁጥር ኮድ ጠይቆ ይገባል፣ በእናንተ ስም «ቀብድ ላኩ» ይላል። ቴሌግራም ላይ ከኮዱ በተጨማሪ የራሳችሁን ፓስዎርድ ማስገባት ይቻላል። የቻናሉን ባለቤትነት ለድርጅቱ አካውንት ማዛወርም ይቻላል፤ ግን ያ ፓስዎርድ ከበራ ቢያንስ ሰባት ቀን ካልሞላው አያዛውርም። ልጁ የመልቀቂያ ደብዳቤ ካስገባ በኋላ ሳይሆን ዛሬ ጀምሩት።

የመጠባበቂያ ኮዶቹን ደግሞ በወረቀት አትሟቸው። የስልኩ ጋለሪ ውስጥ በስክሪንሹት አይቀመጡም፣ ለሒሳብ ሹሙም በቴሌግራም አይላኩም። ሊብሬውና ካርታው ያለበት ካዝና ውስጥ ቦታ አይጠፋላቸውም።