ስልክ ላይ የሚጠየቀው ገጹ ላይ ይጻፍ

የድሬዳዋ ትንንሽ ንግዶች ድረ ገጽ አብዛኛው ለምርቃት የተሠራ ይመስላል። ጥቂት አልጋ ያለው ፔንሲዮን «ራእያችን፣ ተልእኳችን፣ እሴቶቻችን» የሚል ገጽ አለው፤ የአልጋ ዋጋ ግን የለውም። የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ኮት የለበሱ ፈረንጆች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ፎቶ ይለጥፋል፤ የየትኛው መኪና ዕቃ እንዳለው ግን አንድ መስመር አይጽፍም። ዓመት ሳይሞላ ባለቤቱ «ያን ሁሉ ብር አፍስሼ አንድ ደንበኛ አላመጣልኝም» እያለ ማማረር ይጀምራል። ይሄኔ ቴሌግራም ላይ ያገኘው አንድ «ባለሙያ» ጎግል ላይ አንደኛ አደርግሃለሁ ይለውና ሌላ ብር ያስወጣዋል።

ነገሩ ግን የሚጀምረው ከጎግል ሳይሆን ከደንበኛው ነው። የሰፈር ሰው ድረ ገጽ አያስፈልገውም። ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚገዛ፣ ታይዋን ገበያ ጫማ የሚመርጥ የድሬ ልጅ ሱቁን በእግሩ ያውቀዋል፤ ካላወቀም «አቦ፣ የት ጋ ነው?» ብሎ ይደርሳል። ድረ ገጽ የሚከፍተው እንግዳው ነው። ድሬ ደግሞ ከመነሻዋም የእንግዳ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ ለመውጣት አልሆንለት ብሎ ሜዳው ላይ ባይቆም ኖሮ ከተማዋም ባልተቆረቆረች። ዛሬም በአዲሱ ባቡር ወይም በአውሮፕላን የሚመጣው፣ ነሐሴ 2014 ሥራ ወደጀመረው ነፃ የንግድ ቀጣና የሚላከው፣ ከጅቡቲ ለሸመታና ለዘመድ ጥየቃ የሚሻገረው ሁሉ ደቻቱ ወንዝ በየት በኩል እንደሚያልፍ አያውቅም። ገጹ መጻፍ ያለበት ለዚህ ሰው ነው።

ይህ ሰው ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ፔንሲዮን እንግዳ መቀበያ አንድ ረፋድ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ አታወርድም። «አልጋ ስንት ነው? ኤሲ ነው ቬንትሌተር? ውሃ አይጠፋም? መኪና ማቆሚያ አላችሁ? ከአዲሱ ባቡር ጣቢያ በምን ልምጣ? ለባጃጁ ምን ልበለው?» ሁሉንም ሳታመነታ ትመልሳለች። «የድሮው ምድር ባቡር ጋ አድርሰኝ በለው፤ እዚያ ስትደርስ ደውልልኝ፣ ወጥቼ አሳይሃለሁ።» እሷ ስታወራ የፔንሲዮኑን ድረ ገጽ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ፎቶ ይንሸራተታል፣ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፣ ከጠያቂዎቹ ግን ለአንዱም መልስ የለውም።

ሰው ደውሎ የሚጠይቀውን ነው ጎግል ላይም የሚጽፈው። ጎግል ደግሞ ገጹን የሚያውቀው በዋናነት በጽሑፉ ነው። «ድሬዳዋ ከዚራ ፔንሲዮን ዋጋ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው፣ ርእሱ «መነሻ ገጽ» ብቻ የሆነና ውስጡ አንድ ቁጥር የሌለበት ገጽ በምን ይቀርብለታል? ዋጋንና ስልክን በፖስተር አሳምሮ ማውጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ ምስል ውስጥ የተቀበረ ስልክ ቁጥር ሲነኩት አይደውልም። የልጅቷ መልሶች በጽሑፍ ይውጡ። እያንዳንዱ ጥያቄ ንዑስ ርእስ ይሁን፣ ከሥሩም ሁለት ሦስት ቀጥተኛ ዐረፍተ ነገር ይግባ። የሚያዋጣው ሥራ ይሄ ነው። «ቁልፍ ቃላት» ከገጹ ኋላ፣ ኮዱ ውስጥ መደርደር ጊዜው አልፎበታል። ጎግል ያንን ስውር የቃላት ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ደረጃ ከፍ ለማድረግ ሊንክ መግዛትም በመመሪያው የተከለከለ ነው። የተገዛ «ጎብኚ» ደግሞ አልጋ አይዝም።

ጊዜን አስቀድሞ ማሰብም ትልቅ ነገር ነው። ቁልቢ ገብርኤል በዓመት ሁለቴ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን፣ ከመላው አገር ሰው ይጠራል። ብዙ ሰው በድሬ ያልፋል፤ አልጋም ይጠፋል። ስለ ቁልቢ ጉዞ፣ ስለ መኪናውና በዚያ ሰሞን ስለሚኖረው የአልጋ ዋጋ የሚገልጽ ገጽ ታኅሣሥ 17 ቀን ቢወጣ ግን ዋጋ የለውም። ጎግል አዲስ ገጽ አግኝቶ እስኪመዘግብ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። የታኅሣሡ ገጽ ጥቅምት ላይ ይጻፍ፤ በዓሉ ሲያልፍም አይሰረዝ፣ በየዓመቱ ዋጋው ብቻ ይታደስ።

ከድረ ገጹም በፊት በነፃ የሚሠራ ነገር አለ። ጎግል ማፕ ላይ የንግዱን ቦታ፣ ስልክና የሥራ ሰዓት ማስመዝገብ ነው። እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን ጉድ ያፈላል። የድሬ ሱቅ ፀሐይ ሲበረታ ይዘጋል፤ ጠዋት ከ2 እስከ 6፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 እስከ ምሽት 2 ይሠራል እንበል። ባለቤቱ ይህንኑ እንዳለ ካስገባው ጎግል ሱቁን ጅብ በሚዞርበት ሌሊት ክፍት ያደርገውና ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለፈለገው ደንበኛ «ተዘግቷል» ይላል። ጠዋት 2 ሰዓት በፈረንጁ 8 ነው፣ ከሰዓት 10 ደግሞ 4። ቅጹ ለአንድ ቀን ሁለት ፈረቃ ማስገባት ስለሚፈቅድ የቀትሩን እረፍትም ይቀበላል። ለረመዳንና ለበዓላት የተለየ ሰዓት ማስገባትም ይቻላል።

ቋንቋውም እንደ እንግዳው ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው በአማርኛ ይፈልጋል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው በሶማሊኛ ወይም በፈረንሳይኛ፣ ከሐረርጌ የሚመጣው በአፋን ኦሮሞ። በየቋንቋው አንድ አጭር ገጽ ከዋጋና ከስልክ ጋር ይበቃል። ገጹ ቀላል ይሁን። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ ኔትወርኩን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ከየትኛውም ከተማ አስቀድሞ ያበራው ድሬ ላይ ነው፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር አማራጭ ኖረን ማለት ነው። እንግዳው ግን የሚፈልገን ባቡር ላይ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክና በሚቆጠር ዳታ ነው። ከስልክ እንደወጣ የተጫነ አምስት ሜጋባይት ፎቶ እሱን አባሮ ነው የሚከፈተው። የጎግል መለኪያ የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ ይላል፤ መለኪያውን ማንም በነፃ ሊሞክረው ይችላል።

«ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ቲክቶክ አለኝ፣ ድረ ገጽ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። ከፊል እውነት አለው፤ የሚያውቀን ደንበኛ የሚከታተለን እዚያው ነው። የማያውቀን ግን ቻናላችንን በምን ስም ይፈልገዋል? ባለፈው ወር የለጠፍነው ዋጋስ ከስንት ልጥፍ ሥር ተቀብሯል? በዚያ ላይ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ንግዱን ሁሉ እዚያ የሰበሰበ ሰው ቪፒኤን ሲፈልግ ከርሟል። በእነዚህ መድረኮች ማስታወቂያ ለመግዛትም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብር ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የትንሽ ነጋዴ አቅም የሚደርስበት አልሆነም። በፍለጋ የሚመጣ ሰው ግን በነፍስ ወከፍ አያስከፍልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በማን ስም ነው? የይለፍ ቃሉስ በማን እጅ ነው? ብዙ ጊዜ ሁሉም የሠራው ልጅ ጋ ነው፤ ልጁ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ዓመታዊው ክፍያ ያልፋል፣ አንድ ቀን የፔንሲዮኑ አድራሻ ሲከፈት የቁማር ማስታወቂያ ይመጣል። ስሙ በባለቤቱ ይመዝገብ፤ የሚታደስበት ቀንም ከንግድ ፈቃዱ ማደሻ ጋር አብሮ ይያዝ።

እንግዲህ ለከዚራው ፔንሲዮን ባለቤትም ለሌላውም የምለው ይህ ነው። ዲዛይነር ከመጥራታችሁ በፊት ለእንግዳ ተቀባይዋ ደብተር ግዙላት፤ ለአንድ ሳምንት የሚደወልላትን ጥያቄና የመለሰችውን ትጻፍ። ከዚያ ያንኑ በራሷ አነጋገር ገጹ ላይ አውጡት። ለድረ ገጽ ሠሪው ከያዛችሁት ብር ላይም ቀንሳችሁ ለእሷ ጨምሩላት፤ ገጹን የጻፈችው እሷ ናትና።