ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ ከመስቀላችን በፊት



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የብዙዎቻችንን ሳሎን የሚመለከት ነው። ቴሌቪዥን ድሮ ወፍራምና ከባድ ስለ ነበር ቡፌ ላይ ተቀምጦ፣ ዳንቴል ተደርጎበት፣ ካስቀመጡት ሳይነቃነቅ ይኖር ነበር። አሁን ግን ቀጥኖ ስለ መጣ ቤት የገባ ሁሉ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን፣ ገመዱም እንዳይታይ መደረጉን ይፈልጋል። ነገሩ የቤት ማሳመር ተደርጎ ስለሚቆጠር ብዙዎቻችን ለሠራተኛው «እዚያ ጋ ስቀልልን» ብለን ወደ ጓዳ እንገባለን። እኔ ግን ከውበት በፊት የልጆች ደኅንነት ጉዳይ ነው እላለሁ።

በዘዳግም 22፥8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። በዚያ አገር ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለ ነበር ሰው ይቀመጥበት ነበር፤ ሳሙኤል ከሳኦል ጋር የተነጋገረው፣ ጴጥሮስም ሊጸልይ የወጣው ጣሪያ ላይ ነው። መከታ ሳይኖር ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በባለቤቱ ላይ ይሆናል ይላል ሕጉ። ስለ መሥዋዕትና ስለ በዓላት የተናገረው አምላክ ስለ ጣሪያ ጠርዝም መናገሩ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የእኛ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ይሁን እንጂ ልጆች ከሥሩ ተንበርክከው የሚጫወቱበት፣ ከበላያቸው የተሰቀለ ከባድ ነገር ግን አለን። 55 ኢንች የሆነ ቴሌቪዥን እስከ 20 ኪሎ ሊመዝን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው ነው። አንዲት እህት የኮንዶሚኒየም ቤቷን ሳሎን ከመኝታ ቤት በሚለየው ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ማሰቀል ይቻል እንደ ሆነ ጠይቃኝ ነበር። ግድግዳውን በጣቷ አጥንት እንድትመታውና ድምፁን እንድትሰማ ነገርኳት። እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሰጣት፤ አግሮስቶን ነበር። በኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ክፍል ለመለያነት የገባው ይህ ሰሌዳ ለመከለል እንጂ ክብደት ለመሸከም አልተሠራም። ፊሸር ብቻ ተክሎ በእርሱ ላይ ቴሌቪዥን ማንጠልጠል አይገባም። ዕቃው ያን ዕለት ላይወድቅ ይችላል፤ ቀዳዳው ግን በር በተወረወረ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። እህታችን ሶፋዋን አዙራ ከብሎኬት በተሠራው የውጭ ግድግዳ ላይ አሰቅላለች።

ብሎኬትም ቢሆን ውስጡ ክፍት መሆኑን አንርሳ። አንዳንድ ሠራተኞች ድሪሉን በመዶሻ ስልት ስለሚያስነሡት የብሎኬቱ ውስጠኛ ክፍል ይፈረካከሳል፤ ፊሸሩም ይዞ በመቆም ፈንታ እዚያው ይሽከረከራል። መዶሻውን አጥፍቶ በዝግታ መብሳት፣ ፊሸሩም ለክፍት ብሎኬት ተብሎ የተሠራው ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። ብሎን ሲጠብቅ ከዞረ አልያዘም ማለት ነው፤ «ችግር የለውም፣ ሌሎቹ ይይዙታል» የሚለውን ቃል አትቀበሉ። ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው የሚበሳውን ጥልቀት በፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልሎ ምልክት ያድርግ፤ ለጎረቤትም አስቀድሞ መንገር የክርስቲያን ወግ ነው። በጭቃ ቤት የምትኖሩ ጭቃውን አትመኑት። ሁለት ቋሚ እንጨቶችን ፈልጋችሁ ጠንካራ ጣውላ በእነርሱ ላይ አስመቱና ብራኬቱ በጣውላው ላይ ይታሰር።

ብራኬት ስትገዙ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ለክታችሁ ሂዱ። አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሚሊሜትር 200 በ200 ወይም 400 በ200 ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ብራኬቱ ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። የሚችለው ክብደትም በካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ክንድ ያለውና ወደ ፊት የሚሳበው ዓይነት ለዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን በተሳበ ቁጥር ብሎኖቹን ከግድግዳው ለመንቀል ስለሚታገል ትናንሽ ልጆች ላሉበት ቤት አልመክረውም። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የሚቀመጠው ይበቃል። ብራኬቱ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ከታሰረ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይሰቀል በፊት፣ ሠራተኛው በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ በኃይል ይሳበው። ይህን ሲያደርግ ቆማችሁ እዩ።

ከፍታውን በተመለከተ እንደ ምግብ ቤት ከጣሪያ ሥር የሚሰቅሉ አሉ። ምግብ ቤት ውስጥ የቆመውም የተቀመጠውም እንዲያይ ነው። በቤት ግን ሶፋ ላይ ስንቀመጥ ዓይናችን ከቴሌቪዥኑ መካከል ጋር ቢገጥም አንገታችን ያርፋል፤ ይህም ከወለሉ እስከ መካከሉ አንድ ሜትር ገደማ ነው።

ወደ ገመዱ እንምጣ። የተንጠለጠለ ገመድ አስቀያሚ ብቻ አይደለም፤ መዳህ የጀመረ ሕፃን የሚይዘውና የሚስበው እርሱን ነው። የቴሌቪዥኑን የኤሌክትሪክ ገመድ እንዳለ ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ በልስን መድፈን ግን የባሰ አደጋ ነው። ያ ገመድ ለዚህ አልተሠራም፤ ሲያረጅና ሲግል አይታይም። ትክክለኛው መንገድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሶኬት ማስገባት ነው። ብሬከሩ ይጠፋል፣ ልስኑና ብሎኬቱ በመሮ ይቀደዳል፣ ሽቦው በቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ይለሰናል። የኮንክሪት ዓምድና የኮንክሪት ግድግዳ ግን ሕንጻውን የተሸከሙ ስለ ሆኑ አይቀደዱም። ከነባር ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው መስመርም አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ስለሚያልፍ እዚያ አትብሱ።

ከዲሽ የሚመጣው ገመድና ከሪሲቨሩ የሚወጣው ኤችዲኤምአይ ለብቻቸው በሌላ ቱቦ ይለፉ። የኤችዲኤምአይ ጫፍ ሰፊ ስለ ሆነ ቱቦው ጠባብ ከሆነ አያልፍም፤ በቱቦውም ውስጥ አንድ ሲባጎ ትርፍ ይተውበት። ነገ ገመዱ ሲበላሽ አዲሱን በዚያ ሲባጎ መሳብ ይቻላል፤ አለዚያ ግድግዳው እንደገና ይፈርሳል። በልስን ሥር ስለ ተሰወረው ነገር ስብከት ማውጣት ይቻል ነበር፤ እርሱን ግን ለእሁድ ሰባኪዎች እንተወው።

ግድግዳ መቅደድ የማይፈልግ ሰው ክዳን ያለውን የፕላስቲክ ካናል ይጠቀም። ከቴሌቪዥኑ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወርዶ የግድግዳው ቀለም ሲቀባ እምብዛም አይታይም፤ ወጪውም አነስተኛ ነው። እውነቱን ለመናገር ለአብዛኞቻችን ቤት የምመርጠው ይህንን ነው። ሪሲቨሩና ስታቢላይዘሩ ግን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አይታፈኑ፤ ይግላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ቤቶች ለቴሌቪዥን የሚመረጠው ግድግዳ ቀድሞ የኢያሱ 24፥15 ጥቅስና የሠርግ ፎቶ የነበረበት ነው። ጥቅሱ ወደ ኮሪደር ይሄዳል፣ ወንበሮቹም ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ የቤት ኅብረት ሲመጣ ሰው ፊት ለፊት መተያየት ያቅተዋል። ቴሌቪዥኑን በጎን ግድግዳ ላይ አድርጎ ወንበሮቹን እርስ በርስ እንደሚተያዩ መተው ይቻላል። ከመበሳቱ በፊት ባልና ሚስት፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ካሉ አብረው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቢነጋገሩበት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

በኪራይ ቤት የምትኖሩ ደግሞ አከራያችሁን ሳታስፈቅዱ አትብሱ፤ ስትለቁ ቀዳዳውን ማን እንደሚደፍንም ከመጀመሪያው ተስማሙ። እምቢ ካሉ ዝቅ ባለና ሰፊ በሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። መሳቢያ ያለው ቁም ሣጥን አይሁን፤ ሕፃን መሳቢያዎቹን ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣባቸዋል። ከዚያ ከጀርባው ጠንካራ ማሰሪያ አድርጋችሁ ከግድግዳው ጋር እሰሩት። ለዚህ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትበቃለች፤ ምክንያቱ የልጅ ደኅንነት መሆኑ ከተነገራቸው አብዛኞቹ አከራዮች ይህችን አይከለክሉም።