መጽሐፍ የሌለው መደርደሪያ

የቤት ዕቃ የባለቤቱን አስተሳሰብ ያጋልጣል። በሸሕዲም ሆነ በአዲስ አበባ ገንዘብ የገባበት ሳሎን ሲታይ፣ ግድግዳውን የሚይዘው ትልቁ ዕቃ ቡፌ ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ብርጭቆ፣ ሲኒና ሰው ሠራሽ አበባ በክብር ይደረደራሉ። የልጆቹ መጽሐፍ ግን በፌስታል ታስሮ ከአልጋ ሥር ይጣላል። የቆላው የአልጋ ሥር ደግሞ የምስጥ ግዛት ነው።

ይህን ጉድለት እናርም የሚሉ አንዳንድ ባለሙያዎች «ዘመናዊ መደርደሪያ» ብለው የሚያቀርቡት ከውጭ ሥዕል የተገለበጠ፣ ወዲያና ወዲህ ያጋደለ የቺፑድ ሥራ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቅርጽ ስሙ ዘወትር የሚነሣው ጣሊያናዊው ዲዛይነር ኤቶሬ ሶትሳስ ነው። «ካርልተን» የተባለውን መደርደሪያውን እ.ኤ.አ. በ1981 «ሜምፊስ» ከተባለው ቡድን ጋር ሆኖ ሚላኖ ላይ ለእይታ አቀረበ። ዕቃው ሁለት ሜትር ገደማ የሚቆም፣ በልዩ ልዩ ቀለም የደመቀ፣ ክንዶቹን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው የሚመስል ነው። ክንዶቹ ያጋደሉ በመሆናቸው በዚያ ላይ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ አይቆምም።

ይሁንና የሶትሳስ ቁም ነገር ማጋደሉ ላይ አልነበረም። በቡና ቤትና በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ የነበረውን ተራ የፕላስቲክ ልባጥ ሳሎን አስገብቶ፣ «ክብር የሚገባው ውድ እንጨት ብቻ ነው» የሚለውን የባለጸጎች ፍርድ ተፈታተነ። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? ተራው ልባጥ ከበረ፤ ዕቃው ራሱ የሰብሳቢዎችና የሙዚየሞች ንብረት ሆኖ ከሰፊው ሕዝብ እጅ ራቀ። ገልባጮቹ የወሰዱት መልኩን ነው። የተናቀ ነገር እንዴት ይከበር የሚለውን ጥያቄውን ግን እዚያው ትተውት መጡ።

ይህ አገር የመጽሐፍ ማረፊያ አጥቶ አያውቅም። ብራናው ለዘመናት የኖረው በማኅደር ነው። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ከቆዳ ይሰፋል፤ ክዳን አለው፤ በጠፍር ማንገቻው ከግድግዳ ችካል ላይ ይሰቀላል። ከመሬት መራቁ ከምስጥ፣ ከአይጥና ከርጥበት ይጠብቀዋል። ማንገቻው ደግሞ በጉዞና በመከራ ቀን መጽሐፉ በትከሻ ላይ እንዲወጣ ያስችላል። የማኅዲስቶች ጦር በ1880 ዓ.ም. በመተማ በኩል ዘልቆ ጎንደርንና አብያተ ክርስቲያናቷን ማቃጠሉን የሚያስታውስ ሰው፣ የዚያ ማንገቻ ዋጋ አይጠፋውም።

የማኅደሩ ፈጣሪ ማን ነው? የሶትሳስን ስም የዲዛይን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ማኅደር የሰፋው ሰው ግን በስም ፈንታ ስድብ ተሰጠው፤ «ፋቂ» ተባለ። ብረት የሠራው «ቀጥቃጭ»፣ ሸክላ የሠራችው «ቡዳ» ተባሉ። እጁን እየፈለገ ሰውየውን የናቀ ኅብረተሰብ፣ የራሱን ሙያ ንቆ የሌላውን መልክ ቢገለብጥ ምን ያስደንቃል?

ከቋራ እስከ መተከል በሚዘልቀው ቆላ ሽመል ይበቅላል። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን፣ ሽመል ድፍን ወይም ለድፍንነት የቀረበ ነው። በ3 ዓመት ገደማ ለሥራ ይደርሳል። ሆኖም ከአጥርና ከጎጆ ማገር ያለፈ ክብር አላገኘም። በአንጻሩ ቺፑድ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፤ ክረምት ርጥበት ሲነካው ጠርዙ አብጦ ይፈረፈራል።

«ሽመልን ነቀዝ ይበላዋል» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እውነት ነው፤ ግን መድኃኒት የሌለው ነገር አይደለም። ለጋው ቀርቶ የጎለመሰው ይቆረጥ፤ ነቀዝ የሚሻው ስታርች እንዲቀንስ በውኃ ይነከር፤ በቦራክስ ይታከም፤ በጥላ ይድረቅ። ከዚያም እንደ ማኅደሩ ከግድግዳ ይሰቀል። የመተማ ቆላ መደርደሪያ መሠረቱ ይኸው ነው።

«የአገር ቅርጽ ለዘመናዊ ቤት አይመጥንም» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ አድጎ በአሜሪካ የሚሠራው ዲዛይነር ጆሞ ታሪኩ ከደጋ አጋዘን ቀንድ ተነሥቶ የነደፈው «ኒያላ» ወንበር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ካርልተን በሚገኝበት በዚያው በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለእይታ በቅቷል። ታዲያ ከገዛ አገሩ የተነሣ እጅ ከማን ያንሳል?

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልን እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ለሕዝብ አዳርሷል። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው አንባቢ ግን የተማረውን ፊደል ቀስ በቀስ ይረሳል። ስለዚህ የሙያ ማሠልጠኛዎች ሽመልን በትምህርታቸው ያስገቡ፤ መምህራን ተማሪውን ከአናጢው ጋር ያገናኙ፤ የባህል ተቋማት የእጅ ሥራ ሲያሳዩ የሠሪውን ስም ከሥራው ጋር ይጻፉ። የሸሕዲ መደርደሪያ የሚመዘነው በሳሎን ድምቀቱ ሳይሆን፣ በላዩ ያደረው መጽሐፍ ሳይበላ ሲነጋ በልጁ እጅ መገኘቱ ነው።