ዱብቲን የሚያሰጋው ዝናብ ወሎ ላይ ነው የሚዘንበው

ዱብቲ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ተጠራቅሞ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ይህን ያህሉን በሐምሌ ብቻ ታገኛለች። ነሐሴ ሲመጣ ግን ከብቱን ይዞ ወዴት እንደሚሸሽ የሚጨነቀው የዱብቲና የአሳይታ ሰው ነው።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። እርጥብ አየር ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመውን ውኃ እዚያው ያራግፋል። ተራራውን አልፎ ወደ አፋር ሲወርድ ይሞቃል፣ ይደርቃል። በደሴና በዱብቲ መካከል ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት አለ። ስለዚህ ዝናቡ ደጋ ላይ ይቀራል፣ ሙቀቱ ቆላ ላይ ይከማቻል፤ ውኃው ግን በቦርከና፣ በሚሌና በሎጊያ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የሚደርስ ወንዝ አይደለም። መጨረሻው አቤ ሐይቅ ነው። ሲሞላ የሚተኛው ሜዳው ላይ ነው፤ ሜዳው ደግሞ የሰው መኖሪያ፣ የከብት ግጦሽና እርሻ ነው።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የዝናብ መጠንና የጎርፍ መጠን እኩል አይሄዱም። በጋውን ሙሉ የደረቀ መሬት የሰኔን ዝናብ ይጠጣዋል፤ ወንዙ ብዙም አይሞላም። (ሰኔ ላይ «ዘንድሮስ ጎርፍ የለም» የሚባለው ለዚህ ነው።) በነሐሴ መሬቱ ጠግቧል። ያው የሰኔ መጠን ዝናብ ቢወርድ አብዛኛው ቁልቁል ይሮጣል። ዕፅዋቱ የተመናመነና እርከን የሌለው ተዳፋት ከሆነማ ይብሳል። እናም «የክረምቱ ዝናብ መደበኛ ነው» የሚል ዜና ቆላ ላለ ሰው ዋስትና ሊሆነው አይችልም። «አፋር ከመደበኛ በታች ዝናብ ያገኛል» ቢባል እንኳ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል፤ የሚመጣው ከሌላ ክልል ሰማይ ነውና።

ይህ የወሎን ሰው መውቀሻ አይደለም። ደመናን ማንም አያዝዘውም። ጥያቄው ማስጠንቀቂያው የማንን ሰማይ ይመለከታል የሚለው ነው። ወንዝ የክልል ወሰን አያውቅም፤ በጀትና ኃላፊነት ግን በክልል ይከፈላል። ደጋ ላይ የሚሠራ እርከን ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ቆላ ላለው ሰው ሆኖ ሳለ፣ የሚለፋው የደጋው ገበሬ ብቻ ነው። ከአዋሽ ውኃ የሚያተርፉት ትልልቅ የመስኖ እርሻዎች ከወጪው ድርሻ ቢይዙ ፍትሕ ነው።

«ግድብ አለ» የሚል መልስ ይሰማል። ቆቃ ግን እጅግ ከላይ ነው፤ ከቦርከናም ከሚሌም አንዲት ጠብታ አይዝም። ተንዳሆ ታች አለ፤ እሱም ቢሆን ለመስኖ እንዲሞላ ይፈለጋል፣ ለጎርፍ ደግሞ ባዶ ቦታ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ሐይቅ ላይ ይጋጫሉ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ግድቦቹ ነበሩ።

በዚያው ተፋሰስ ምሥራቅ ጫፍ የደረሰው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት በደቻቱ ወርዶ ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ደቻቱ በአብዛኛው ቀን ደረቅ አሸዋ ነው። የተኛው ከተማ ላይ ከላይ ምን እንደዘነበ የነገረው አልነበረም።

ሙቀቱ እየጨመረ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ተን መያዝ ይችላል፤ ሲያራግፍም በአንድ ጊዜ ያራግፋል። ያው ሙቀት የአፋርን ግጦሽ ቶሎ ያደርቀዋል። ድርቅና ጎርፍ በአንድ ዓመት አንድ ቤተሰብ ላይ ቢደርሱ የሚያስገርም አይደለም።

መጀመር ያለበት ሥራ ውድ አይደለም፤ ኮምቦልቻና ሚሌ ላይ የወንዙን ከፍታ ሌሊትም የሚያነብ ሰው፣ ዱብቲና አሳይታ ላይ ደግሞ ስልኩን የሚያነሳና በአፋርኛ የሚያስተላልፍ ሰው። አንድ አርብቶ አደር ልጆቹንና ፍየሎቹን ከፍ ወዳለ ቦታ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጥቂት ሰዓት ነው።